ከሰማያዊው ኮርኒስ ጀርባ

በኛ ጎዳና ጸደይ መግባቱን የሚያውጀው ወፍ አይደለም፤ ኦሬል ቢሶኔት ነው። የመጨረሻው በረዶ ቀልጦ ሳያልቅ፣ ሰውዬው አሮጌ ቆቡን አናቱ ላይ ጣል አድርጎ፣ የግራጫ ቀለም ቆርቆሮውን አንጠልጥሎ ሁለተኛ ፎቅ በረንዳው ላይ ብቅ ይላል። ሞንትሪያል ውስጥ፣ በተለይ እዚህ ሮዝሞንት፣ ሰው የሚለካው በበረንዳው ነው። ሳሎንህን ማንም አያይብህም፤ በረንዳህን ግን አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያየዋል። ኦሬል በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም። ቤቱን ከገዛ ጀምሮ በረንዳውን ሳይቀባ ያለፈ ጸደይ የለም። ፍቆ አይደለም ታዲያ፤ ቀለም በቀለም ላይ ነው የሚለቀልቀው። ሲጨርስ መንገዱን ተሻግሮ ማዶ ይቆምና፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ ሰው እስኪያልፍና እስኪያደንቅለት ይጠብቃል።

ዕድሜውን የፈጀው የከተማውን የበረዶ መጥረጊያ መኪና ሲነዳ ነው። በበረዶው ወራት ሌሊቱን መንገድ ሲጠርግ ያነጋና ቀኑን ተኝቶ ይውላል። ስለዚህ ለሱ ኑሮ ማለት በጋ ነበር፣ በጋ ማለት ደግሞ በረንዳ። ቁርሱ እዚያ፣ ጋዜጣው እዚያ፣ ከሚስቱ ከሎሬት ጋር የሚጨቃጨቀውም እዚያው ነው። በሰኔ፣ በሳን ዣን በዓል ለት፣ ወንድሞቹ አኮርዲዮናቸውንና እያጋጩ ዜማ የሚያጅቡበትን ማንኪያ ይዘው ይመጡና በረንዳው ጢም ይላል። የኛ የሞንትሪያል ሰው ዘፈን ሲሞቀው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ በሁለት እግሩ ወለሉን መደብደብ ይወዳል፤ ከበሮ አያስፈልገውም። ከቢሶኔት ወንድማማቾች መካከል ደግሞ አንድም ቀጭን የለም። ድብደባው ሲጀመር ጎዳናው ሁሉ ይሰማል።

ይኼን ሁሉ ድብደባ ከሥር ሆነው የሚሰሙት ፉርታዶዎች ነበሩ። ከአሶሬሽ ደሴቶች የመጡ ፖርቱጋሎች ናቸው፤ ኦሬል የታችኛውን ቤት ካከራያቸው ብዙ ዘመን ሆኖታል። ባልየው አዴሊኖ አናጢ ነበር፣ ድምፁ የማይሰማ፣ ሰላምታ ሲሰጥ ቆቡን የሚያነሣ ሰው። ከሞተ ጥቂት ዓመት ሆነው። ሚስቱ ማዳም ፉርታዶ ግን ዛሬም አሉ፤ ጓሮ ወይናቸውን ይገርዛሉ፣ ከሰዓት በኋላ የፊት በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ሕፃን የልጅ ልጃቸውን ያጫውታሉ።

በሁለቱ ቤቶች መካከል አንድ ቁስል ነበረ፤ ኮርኒሱ። የኦሬል በረንዳ ሆዱ ለታችኞቹ በረንዳ ኮርኒስ ነው፣ በቀጫጭን ጣውላ የተሸፈነ፣ ድሮ ነጭ የነበረ። እዚህ አገር በሐምሌ መጨረሻ የግንባታ ሠራተኛው ሁሉ በአንድ ጊዜ ዕረፍት ይወጣል፣ ከተማውም ጭር ይላል። አንድ ዓመት በዚያ ዕረፍት ቢሶኔቶች የሎሬት እኅት ዘንድ ሰንብተው ሲመለሱ፣ ኮርኒሱ እንደ ባሕር ሰማያዊ ሆኖ ጠበቃቸው። ኦሬል ጨርቁን ሊጥል ምንም አልቀረው። በማን ቤት ነው፣ ማንን አስፈቅደህ ነው፣ ግራጫ በረንዳ ከሥሩ ሰማያዊ ሲሆን ምን ይመስላል እያለ፣ መንገድ ላይ ሰው እየሰማ አዴሊኖን እንደ ልጅ ተቆጣው። አዴሊኖ ቆቡን አውልቆ ቆሞ ሰማውና፣ ተርብ ሰማያዊ ስለማይወድ ነው አለ። ሎሬት ባሏን በክንዱ ጎትታ ባታስገባው ነገሩ እዚያ ባላበቃ። ከዚያ ወዲህ ኦሬል ኮርኒሱን በስሙ ጠርቶት አያውቅም፤ «ያ ሰማያዊ» ነው የሚለው።

አሁን ወደ ጉዳያችን። የሎሬት እኅት ሮላንድ ባሏ የሞተባት፣ ልጅ የሌላት፣ ሞንማኝ በምትባል ከተማ ወንዙ ዳር ብቻዋን የምትኖር፣ ምላሷ የሚለበልብ ሴት ናት። ከኦሬል ጋር ከሠርጉ ቀን ጀምሮ ሲጎነታተሉ ነው የኖሩት። ባለፈው የበረዶ ወራት ወጥ ቤቷ ውስጥ አዳለጣትና ወደቀች፤ መነሣትም አቃታት። ፖስተኛው በመስኮት አይቶ እስኪደርስላት ቀዝቃዛው ወለል ላይ ተጋድማ ዋለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሎሬት ሰላም አጣች። ስልክ ባልተነሣ ቁጥር ወድቃ ይሆናል እያለች እጇን ታሻለች። የኋላው ክፍል ባዶ ነው፣ ትምጣና ከኛ ጋር ትኑር አለች። ኦሬልም ለወጉ ትንሽ አጉረመረመና እሺ አለ።

ሮላንድ ግን ግግም አለች። ከመጣሁ ዥዋዥዌዬ አብሮኝ ይመጣል፣ እሱ ካልመጣ እዚሁ ቅበሩኝ ብላ ቁርጡን ተናገረች። ዥዋዥዌ ሲባል ዛፍ ላይ የሚታሰር የልጆች ገመድ እንዳይመስላችሁ። ሁለት አግዳሚ ወንበር ፊት ለፊት የሚወዛወዝበት፣ ከነጣሪያው የቆመ፣ የኛ ገበሬ ደጁ ላይ የሚተክለው ትልቅ ዕቃ ነው። ይኼኛውን የሠራው ባሏ ሊያንድር ነው፤ ሊያንድር ደግሞ ቀላል ነገር መሥራት አያውቅበትም ነበር። ወፍራም ወፍራሙን እንጨት መርጦ፣ ከአሮጌ ሐዲድ በተቆረጠ ብረት አያይዞ፣ ጎረምሶች ተጋግዘው እንኳ እያቃሰቱ የሚያነሡት አድርጎ ሠራው። ከሞተ በኋላ፣ አየሩ ሞቅ ባለ ምሽት ሁሉ ሮላንድ አንዱ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፣ ባዶው ወንበር ፊት ለፊቷ ይወዛወዛል። ጥዬው ብመጣ ማን ፊት ልቀመጥ ነው አለች። ይኼን በስልክ ስትል ሎሬት ማልቀስ ጀመረች። ኦሬል ሚስቱ ስታለቅስ አንጀቱ አይችልም፤ ስልኩን ነጠቃት።

«አምጪው» አለ። «የኔ በረንዳ እንኳን ያንቺን ዥዋዥዌ፣ የደብሩን ቤተ ክርስቲያን ከነደወሉ ይሸከማል።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የጭነት መኪናው ለሐምሌ መጀመሪያ ተቀጠረ፣ ከተማው ሁሉ በአንድ ቀን ቤት ለሚቀያየርበት ቀን።

ለእንግዳዋ ክብር ሲል ኦሬል ዘንድሮ ደንቡን አፈረሰ። ዝም ብሎ ከመቀባት ልፋቀው፣ ከዚያ ሁለት እጅ ልቀባው ብሎ መፋቂያ ይዞ ወጣ። ከአበባ ሣጥኖቹ አጠገብ ተንበርክኮ ገፋ ሲያደርገው፣ ቀለሙ አልተፋቀም፤ ወፍራም ቆዳ ሆኖ ተገሸለጠ። ከሥሩ እንጨት መኖር ነበረበት። ያገኘው በእጅ የሚዛቅ፣ እርጥብ፣ የቡና አተላ የመሰለ ነገር ነው። ካቻቪቴ አምጥቶ ወጋው፤ ካቻቪቴው እስከ እጀታው ገባ። ሌላ ጣውላ ወጋ፣ ያም ዋጠው። ቀለሙ ውሃውን ከላይ የሚያስቀር መስሎት ኖሮ፣ ለካስ የገባው ውሃ እንዳይወጣ ነው ዘመኑን ሁሉ ሲደፍንበት የኖረው። ከላይ ሲያዩት ያማረ፣ ውስጡን ለቄስ።

መጀመሪያ ያሰበው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ሰው ነውና። ቀዳዳውን ሊደፍነው አሰበ። የተገሸለጠውን ቀለም መልሶ ለጠፈው፣ ቆርቆሮውን ከፈተ፣ ብሩሹን ነከረ። ሰው አላየኝም፣ እስከ ዛሬ ይዞ የለ እንዴ፣ ከእንግዲህስ ለምን አይዝም እያለ ከራሱ ጋር ይሟገታል። ይኼኔ ከታች የማዳም ፉርታዶ ድምፅ መጣ፣ በየጸደዩ የሚሰማው ያው ድምፅ።

«ሙሴ ኦሬል፣ ቀለም እንዳይንጠባጠብ አደራዎን። ሕፃን አለ።»

ጎንበስ ብሎ በበረንዳው አጥር በኩል ቁልቁል አየ። የሕፃኑ ጋሪ በትክክል ከሱ ጉልበት ሥር ቆሟል። አንድ ትንሽ ባዶ እግር ከብርድ ልብሱ ወጥቶ ይወራጫል። ኦሬል ብሩሹን ቆርቆሮው ላይ አስቀመጠና፣ ድመት እንደሚራመድ በግድግዳው በኩል ተጠግቶ ወደ ቤት ገባ።

ሎሬት ድንች ስትልጥ ነበር። «በረንዳው በስብሷል» አላት። ቢላዋዋ ቆመ። ትጮኽብኛለች ብሎ ሲጠብቅ እሷ ድንቹን አስቀምጣ እጇን በሽርጧ ጠረገች። ለሮላንድ የምትነግራት ግን አንተ ነህ፣ እኔ አልችልም አለችው። እውነት አላት።

ደወለ። ሮላንድ ስልኩን ስታነሣ ደስ ብሏት ነበር፣ ይኼ ደግሞ የባሰ ነው። አፉን ሳይከፍት እሷ ቀደመችው። ቤቱ ተሸጠ አለች። ትናንት ፈረምኩ፣ ገዢዎቹ ልጆች ያሏቸው ናቸው፣ ሊያንድር ቢኖር ይወዳቸው ነበር አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ በዕድሜዋ ብላው የማታውቀውን አለችው።

«ስማ ኦሬል። በሰው ቃል ቤቴን እሸጣለሁ ብዬ አላስብም ነበር። ያንተን አፍ ግን አመንኩት።»

ኦሬል እዚያ አየሩ እንዴት ነው ብሎ ጠየቀና ስልኩን ዘጋ። ሎሬት በር ላይ ቆማ ታየዋለች። አሁን ነገሩ ግልጽ ነበር። ዥዋዥዌው ካልወጣ ሮላንድ አትመጣም፤ ተመልሳ የምትገባበት ቤትም የላትም። ዥዋዥዌው ከወጣና በረንዳው ካልያዘ ደግሞ፣ ሁለቱ እኅትማማቾች ከነዥዋዥዌው የሚያርፉት ያ ትንሽ እግር ላይ ነው።

ስለዚህ መሐንዲስ ጠራ። ለኦሬል ቢሶኔት ይኼ ቀላል ነገር አይደለም፤ ስለ በረንዳው ሰው ጠይቆ አያውቅምና። የመጣችው ኖኤሚ የምትባል፣ ጸጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። ከላይ ወጋ ወጋ አደረገች፣ የፊቶቹን የብረት ምሰሶዎች በመዶሻ መታ መታ አድርጋ ሰማቻቸው፣ ምሰሶዎቹ ደህና ናቸው አለች። የላይኛው ጣውላ ለምንም አይሆንም፣ ይነሣል። ዋናው ጥያቄ ግን ጣውላውን የሚሸከሙት ወጋግራዎች ናቸው፣ እነሱን ከላይ ማየት አልችልም፤ ከታች ኮርኒሱ ይከፈትልኝ አለች። ኦሬል ስለ ዥዋዥዌው ሲጠይቃት ትከሻዋን ነቀነቀች። ወጋግራውም እንዲህ ከሆነ፣ እንኳን ዥዋዥዌ ወንበርም አታስቀምጡበት፤ እስከዚያው ማንም እንዳይረግጠው፣ ከሥሩም ማንም እንዳይቀመጥ አለችው።

ኦሬል ወርዶ ለማዳም ፉርታዶ ነገራቸው። ሴትዮዋ ከበረንዳው ሥር መነሣቱ አልከበዳቸውም፤ ጋሪውን ወዲያው ወደ ጓሮ ወሰዱት። ኮርኒሱ ይከፈታል ሲላቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ። ዛሬ አይሆንም አሉ። በማግስቱ ሲመጣ ወገቤን አሞኛል አሉ። ከዚያ ወዲያ ደወል ሲደውል መጋረጃው ንቅንቅ ይልና በሩ አይከፈትም። ኦሬል መንገብገብ ጀመረ። ሐምሌ እየመጣ ነው፣ የገዛ ቤቴ ኮርኒስ እኮ ነው፣ ምን ሸሽገውበት ነው እያለ ለሎሬት ይጮኻል። ሎሬት ግን የሰማያዊውን ጊዜ ጠብ አልረሳችም። በጩኸት የተከፈተ በር የለም፣ ሄደህ በደንብ ለምናቸው አለችው።

ሄዶ ለመነ። ባዶ እጁን አልሄደም፤ ሎሬት የጋገረችውን የሩባርብ ኬክ ይዞ ደጃቸው ቆመ። ስለ ሮላንድ ነገራቸው፣ ወለል ላይ ተጋድማ ስለዋለችው፣ ቤቷን በሱ አፍ ስለሸጠችው። ይኼን ለሰው ሲናገር የመጀመሪያው ነበር። ማዳም ፉርታዶ ኬኩን ተቀበሉ።

«ነገ ይምጡ» አሉ። «አንድ ነገር ግን ይማሉልኝ ሙሴ ኦሬል። እዚያ የሚያገኙትን ቢያገኙ፣ የሞተ ሰው ላይ እንዳይቆጡ።»

ኦሬል ማለ። ያን ዕለት ግን ሐሳቡ ሁሉ ኮርኒሱ ላይ ነበር። አዴሊኖ ምን አድርጎ ይሆን? ቆርጦት ይሆን? ዕቃ ሊሰቅልበት ሸርሽሮት ይሆን?

በማግስቱ ኖኤሚ መሰላል ላይ ወጣች፣ ኦሬል ከሥር መሰላሉን ያዘ፣ ሎሬትና ማዳም ፉርታዶ መንገዱ ዳር ቆሙ። ሚስማር መንቀያው ሰማያዊው ጣውላ ጠርዝ ላይ ገባ፤ ሚስማሮቹ እየጮኹ ወጡ፣ አቧራው ኦሬል ዓይን ውስጥ ገባ። አንድ ጣውላ ወረደ፣ ሁለተኛው ወረደ። ኖኤሚ ባትሪዋን አበራችና አንገቷን አስገባች። ለኦሬል ከሥር የሚታየው የሴትዮዋ ጫማ ብቻ ነው። ካቻቪቴዋን እንጨቱ ላይ ስትሰካው ሰማ፤ ወዲያው የበሰበሰ እንጨት ፍርፋሪ ቆቡ ላይ ዘነበ።

«አለቀ» አለ ለራሱ።

«ይኼን ማነው የሠራው?» አለች ኖኤሚ ከውስጥ።

«ምኑን?»

«ይውጡና ይዩ።»

ወረደችና እሱ ወጣ። መጀመሪያ ያያቸው የራሱን ወጋግራዎች ነው። ጫፋቸው ተበልቶ አልቋል፤ ሁለቱ ጭራሽ ግድግዳው ጋ አይደርሱም፣ አየር ላይ ቀርተዋል። ከዚያ ባትሪውን ትንሽ ዞር አደረገ። ከያንዳንዱ በስባሳ ወጋግራ ጎን ሌላ ወጋግራ ተኝቷል፤ ወፍራም፣ ደረቅ፣ መበስበስን የሚከላከል መድኃኒት የጠጣ አረንጓዴ እንጨት። ጣት በሚያህል ብሎን ታስሯል። ግድግዳው ላይ በብረት ጫማ ተቀምጧል፣ ፊት ለፊት ደግሞ ከምሰሶ እስከ ምሰሶ በተዘረጋ አዲስ አግዳሚ ላይ አርፏል። ኦሬል ካቻቪቴውን ወስዶ በሙሉ ኃይሉ ወጋው። ካቻቪቴው ነጥሮ እጁን መታው።

«ከበረንዳዎ ሥር ሰው ሌላ በረንዳ ሠርቶልዎታል» አለች ኖኤሚ። «ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንደሁ እንጃ እንጂ፣ የርስዎ እንጨት ምንም አልተሸከመም። የተሸከመው ይኼ ነው።»

ኦሬል ከመሰላሉ ወረደና በቀረበለት ወንበር ላይ ዘጭ አለ። ማዳም ፉርታዶ በቀስታ መጡ፣ እጃቸውን ሽርጣቸው ውስጥ ከትተው። ነገሩን የተናገሩት ወደ ኮርኒሱ እያዩ ነው። አንድ የሳን ዣን በዓል፣ ከላይ ድብደባው ሲጦፍ፣ በታችኛው በረንዳ የአዴሊኖ ሾርባ ላይ ብናኝ ወደቀ። ወንበር ላይ ቆሞ በጣውላዎቹ መሃል ቢላ ሰደደ፤ ቢላው ገባ። ያን ሌሊት ልጆቹን ከፊት ክፍል ወደ ኋላ አዛውሮ አስተኛ። ከዚያ ያ የሐምሌ ዕረፍት መጣ። እናንተ ሞንማኝ ሄዳችሁ አሉ። የአዴሊኖ ወንድም በጭነት መኪና እንጨቱን አመጣ፤ ሰው ሁሉ ባሕሩ ዳርቻ ሲዝናና ሁለቱ መሰላል ላይ ከረሙ።

ኦሬል ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ከዚያ ቀና አለ።

«ለምን አልነገረኝም?»

«ነግሮዎት ነበር እኮ» አሉ ማዳም ፉርታዶ። «በዓሉ ባለፈ በማግስቱ ሊነግርዎት ወጣ። ዘንድሮ ቀብቼዋለሁ ብለው በሩን ዘጉበት።»

ኦሬል አያስታውሰውም። ይኼ ነው የባሰ ያቃጠለው፤ አለማስታወሱ። ሎሬት ግን ሳታስታውስ አልቀረችም፤ አንገቷን ደፋች። ማዳም ፉርታዶ ቀጠሉ። አዴሊኖ ወርዶ አልተቆጣም አሉ። «ቀለሙን እሱ ይያዘው፣ እንጨቱን እኛ እንይዘዋለን» ነው ያለው።

«እና ሰማያዊውስ?» አለ ኦሬል፣ ድምፁ እንደ ልጅ ቀጥኖ።

አሁን ማዳም ፉርታዶ ፈገግ አሉ። «አዲሱን የኮርኒስ ጣውላ ያዩታል ብለን ፈርተን ነበር። ካዩ ያስፈርሱታል። አዴሊኖ ግን አይዞሽ አለ። ሰማያዊ እቀባዋለሁ፤ ስለ ቀለሙ ሲጮኽ እንጨቱን አያየውም አለ።»

ሎሬት ናት መጀመሪያ የሳቀችው። አፏን በእጇ ይዛ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ። ቀጥሎ ኖኤሚ። ኦሬል ሊቆጣ ከጅሎት ነበር፣ ፊቱ ቀልቶ ነበር፣ ግን ምሎ የለ? አንዴ ቆቡን አወለቀ፣ አንዴ መልሶ ደፋ፣ ከዚያ ሳቁ ገነፈለበት፤ ሲስቅ ሲስቅ ደግሞ እንባው መጣ። በዚያ በረንዳ ላይ ስንት ሰው እንደተቀመጠ አሰበ። እናቱ በመጨረሻ በጋዋ፣ ወንድሞቹ፣ ሎሬት በየማለዳው። ሁሉንም የያዘው መንገድ ላይ የተሰደበ አንድ ሰው ነው። ተመስገን አለ፣ ደጋግሞ ተመስገን አለ፤ ለእግዜር ይሁን ለአዴሊኖ እሱም አልለየውም።

ኖኤሚ ለክታ፣ አስልታ፣ በሳምንቱ ተመልሳ መጣች። ሎሬት በሩን ስትከፍትላት ፊቷን አይታ ነው ያወቀችው። ይይዛል አለች ኖኤሚ። ዥዋዥዌውንም፣ የሚቀመጡበትንም፣ የበረዶውንም ክብደት ይይዛል። የበሰበሰው ጣውላ ተነሥቶ በአዲስ ይተካ፣ የዥዋዥዌው እግሮች ደግሞ ወጋግራዎቹን በሚያቋርጡ ሁለት ረጃጅም እንጨቶች ላይ ይረፉ፣ ሸክሙ እንዲከፋፈል፤ ግድግዳውን ተጠግቶ ይቁም። አዲሱን ጣውላ ሲመቱም ውሃ የሚወርድበት ክፍተት በየመሃሉ ይተዉ፣ በቀለምም አይድፈኑት አለችው፤ ይኼን ስትል ኦሬልን አፍጥጣ አየችው። የሎሬት አንጀት ቅቤ ጠጣ። በረንዳው በር ላይ እንደቆመች እፎይ ብላ ተነፈሰች፤ ሮላንድ ከወደቀች ወዲህ እንዲያ ስትተነፍስ ኦሬል ሰምቷት አያውቅም።

«የወንድሞቼ እግርስ?» አለ ኦሬል።

«ይደብድቡ» አለች ኖኤሚ። «የመቱት እኮ ከድሮም ያንን እንጨት ነው።»

ሮላንድ በሐምሌ መጀመሪያ መጣች። ጎዳናው እንደየዓመቱ የተገለበጠ ጉንዳን ቤት ሆኗል፤ ሰው ሁሉ ፍራሽና ማቀዝቀዣ ተሸክሞ ይተላለፋል፣ መኪና ማቆሚያ የለም። የኦሬል ወንድሞች ዥዋዥዌውን በየአካሉ ፈታተው በገመድ ከመንገድ ወደ ላይ ሲጎትቱት፣ ሮላንድ ከታች ሆና አንዱንም ሳታመሰግን ሁሉንም ትሰድባለች። ተገጣጥሞ ሲያልቅ ሁሉም ቦታ ለቀቀላት። እሷ ብቻዋን ወጥታ ከሁለቱ ወንበሮች አንዱ ላይ፣ ሁሌ በምትቀመጥበት ላይ ተቀመጠች። በእግሯ ቀስ ብላ ገፋችው። ዥዋዥዌው ሲወዛወዝ ወለሉ ንቅንቅ አላለም። ሎሬት ሄዳ ባዶው ወንበር ላይ ልትቀመጥ አለችና ፈራች፤ ሮላንድ ግን ቦታውን በእጇ መታ መታ አድርጋ አሳየቻት።

«ነይ» አለች። «ሊያንድር አይከፋውም። አንተም ና፣ ጉረኛ። ለካ አንዳንዴ ከአፍህ እውነት ይወጣል።»

«እኔ ታች ነኝ» አለ ኦሬል።

ወርዶ በትክክል ከዥዋዥዌው ሥር ቆመ። ማዳም ፉርታዶ የአዴሊኖን ወንበር አወጡለት፣ ከጓሮው ወይን የጠመቁትን አንድ ብርጭቆ ቀዱለት። ሕፃኑ ጋሪው ውስጥ ተኝቷል። ከላይ የዥዋዥዌው ሲጥሲጥታ ይሰማል፣ የሁለት አሮጊቶች ወሬም። ኦሬል ብርጭቆውን ወደ ብርሃኑ አንሥቶ አየው፤ አንድ ብናኝ አልወደቀበትም። ኮርኒሱ መልሶ ተመትቷል፣ አዲስም ተቀብቷል። ቀለም ቤት የሄደው ኦሬል ራሱ ነው፣ የአሮጌውን ጣውላ ስባሪ በኪሱ ይዞ፣ ልክ ይኼን ሰማያዊ፣ ሌላ አልፈልግም እያለ ሻጯን ልጅ አስለፍቷት።

«ያምራል» አለ ወደ ላይ እያየ።

«ይኼን ማለት የነበረብዎት ለሱ ነው» አሉ ማዳም ፉርታዶ፣ ክፋት በሌለው ድምፅ።

ኦሬል ጥቂት አሰበ። ቆቡን አወለቀና ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ያኔ መንገድ ላይ እንደጮኸው ሰው እየሰማ፣ «አዴሊኖ፣ ያምራል» አለ።

ዥዋዥዌው ቆመ። ሮላንድ በአጥሩ በኩል አንገቷን አወጣችና ከማን ጋር ነው የምታወራው አለችው።

«ከበረንዳው ባለቤት ጋር» አላት ኦሬል፤ «አንቺ ዝም ብለሽ ተወዛወዢ።»